የሰርከስ እንስሳት፦ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰርከስ ከተማ ሲገባ ልጆች «እንሂድ» ማለታቸው አይቀርም። ፖስተሩ ላይ ዝሆን ወይም ታይገር ካለማ ወላጅን መቆሚያ መቀመጫ ያሳጡታል። ከዚህ በታች ያሉት ስለ ሰርከስ እንስሳት ሰው ደጋግሞ የሚያነሳቸው ጥያቄዎች ናቸው። አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር፦ ዝሆን፣ አንበሳ፣ ታይገርና ድብ ሰርከስ ውስጥ ቦታ የላቸውም። ለምን እንደዚያ እንደምል አንድ በአንድ እንሂድበት። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

እንስሳቱ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ሐኪምም ያያቸዋል። ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው?

እኛ የምናየው ትርኢቱን ብቻ ነው። ትርኢቱ ደግሞ ደቂቃዎች ነው። ችግሩ ያለው በቀረው የቀኑ ሰዓት ላይ ነው።

ተጓዥ ሰርከስ ዛሬ እዚህ፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ሌላ ከተማ ነው። ስለዚህ እንስሳው የሚኖርበት ነገር ሁሉ ተነቅሎ መኪና ላይ የሚጫን መሆን አለበት። የሚጫን ነገር ደግሞ ሰፊ ሊሆን አይችልም። አንበሳው የጭነት መኪና ላይ በተገጠመ የብረት ፍርግርግ ውስጥ ይውላል፣ እዚያው ያድራል። ዝሆኗ አንድ የፊትና አንድ የኋላ እግሯ በሰንሰለት ታስሮ ትቆማለች፤ ወደፊት አንድ እርምጃ፣ ወደኋላ አንድ እርምጃ፣ አለቀ። አሜሪካ ውስጥ ትልልቆቹ ሰርከሶች ዝሆኖችን በባቡር ሲያጓጉዙ ከአንድ ሙሉ ቀን በላይ ከፉርጎው ሳይወርዱ ታስረው የሚቆዩበት ጊዜ ነበር።

ዱር ውስጥ ያለችውን ዝሆን አስቡ። የምትኖረው በትልቋ እናት በሚመራ ቤተሰብ ውስጥ ነው። ሴት ልጅ ከሆነች ከእናቷ፣ ከአክስቶቿና ከእህቶቿ ጋር ዕድሜዋን ሙሉ አብራ ትኖራለች። በቀን ከመቶ ኪሎ በላይ ሣር፣ ቅጠልና ቅርፊት ስለምትበላ ብዙው ጊዜዋ የሚያልፈው በመሄድና በመብላት ነው፤ ጭቃ ትለቀለቃለች፣ ውኃ ትገባለች፣ ሣር ላይ ትተኛለች። ይህችን እንስሳ ዓመት ከዓመት ሲሚንቶና ጣውላ ላይ ስታቆማት መጀመሪያ የሚበላሸው እግሯ ነው። የእግር ቁስልና የመገጣጠሚያ በሽታ በሰው እጅ ያሉ ዝሆኖችን ለሞት ከሚያበቁ ዋና ዋና ችግሮች ውስጥ ናቸው። ሐኪም አየው ማለት ዳነ ማለት አይደለም፤ ሐኪሙ ሰንሰለቱን ካልፈታ ቁስሉ ተመልሶ ይመጣል።

ሥልጠናው በፍቅርና በምግብ አይደለም እንዴ?

አንዳንዱ በምግብ ነው። ይህን መካድ ትክክል አይሆንም። ግን አራት ቶን የሚመዝን ዝሆን በጭንቅላቱ እንዲቆም፣ በኋላ እግሩ ብቻ እንዲራመድ፣ ያውም ሕዝብ በሚጮኽበት ድንኳን ውስጥ፣ በየቀኑ፣ በሰዓቱ፣ ደስ ባለውም ባላለውም ጊዜ ይህን እንዲያደርግ ከተፈለገ ሙዝና ዳቦ ብቻውን አይበቃም። ለዚህ ነው ዝሆን ጠባቂዎች እጅ ላይ ሁልጊዜ አንድ ዱላ የምታዩት። ጫፉ ላይ ሹል ብረትና መንጠቆ አለው። የዝሆን ቆዳ ወፍራም ቢመስልም ከጆሮዋ ኋላ፣ ከአገጯ ሥርና ከእግሯ ውስጠኛ በኩል ስስ ነው፤ መንጠቆውም የሚያርፈው እዚያ ነው።

ይህ የተቆርቋሪዎች ወሬ ብቻ አይደለም። የአሜሪካው ሪንግሊንግ ብራዘርስ ሰርከስ ባለቤት ኬኔት ፌልድ በ2009 ፍርድ ቤት ቀርበው ሲመሰክሩ ሠራተኞቻቸው ዝሆኖችን ከጆሮ ኋላ፣ ከአገጭ በታችና እግር ላይ በዚህ ዱላ ሲመቱ ማየታቸውን ተናግረዋል። እንግሊዝ አገር ደግሞ በ2011 አን የምትባል ያረጀች ዝሆን፣ በሰንሰለት ታስራ ሳለች በሠራተኛ ስትደበደብ የሚያሳይ በድብቅ የተቀረጸ ምስል ወጣ። ባለቤቱ በቀጣዩ ዓመት ጥፋተኛ ተባለ። አን ምስሉ በወጣ ሰሞን ሎንግሊት ወደሚባለው የእንስሳት ፓርክ ተወሰደች።

ታዳሚ ፊት ማንም አይደበድብም። መደብደብም አያስፈልግም። ዝሆን የማይረሳ እንስሳ ስለሆነ ዱላውን ማየት ብቻ ይበቃዋል።

«ዝሆኑ ሙዚቃ ሲሰማ ይወዛወዛል፣ ደስ ብሎት ነው» ይላሉ። እውነት ነው?

አይደለም። ዝሆኑ ሙዚቃው ከጠፋም በኋላ፣ ከድንኳኑ ኋላ ታስሮም እንደዚያው ይወዛወዛል። ራሱን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ሰዓታት ሙሉ። አንበሳና ታይገር ደግሞ ፍርግርጉ ውስጥ ያችኑ አራት እርምጃ እየተመላለሱ ይውላሉ። ድብ የብረቱን ዘንግ ይልሳል፣ ይነክሳል። የእንስሳት ባሕርይ ባለሙያዎች ይህን የታሰረና የተሰላቸ እንስሳ ምልክት አድርገው ነው የሚያዩት። ዱር ውስጥ እንዲህ የሚያደርግ ዝሆን አይታይም። ልጃችሁ «እየጨፈረ ነው!» ካለ እውነቱን ንገሩት፤ ልጆች ይህን ነገር ከኛ ቶሎ ይረዱታል።

እዚያው ሰርከስ ውስጥ ተወልዶ ያደገ እንስሳ ዱርን አያውቅም። የማያውቀው ነገር እንዴት ይናፍቀዋል?

በጣም የሚነሳ ጥያቄ ነው፣ ጥሩ ጥያቄም ነው። ዝሆኗ ሳቫናን በዓይኗ ስላላየች ሳቫና አይናፍቃት ይሆናል። ግን እግሮቿ የተሠሩት ለመሄድ ነው። አንጎሏ የተሠራው ከዘመዶቿ ጋር ለመኖር ነው። ያ በአንድ ትውልድ እስር አይጠፋም።

ፈረስ፣ በሬ፣ ውሻ ለማዳ የሆኑት በሺህ በሚቆጠሩ ዓመታት ነው፤ ሰው ገሩን እየመረጠ፣ እያራባ፣ ባሕርያቸው ራሱ ተቀይሯል። ታይገርና ዝሆን ግን እንዲህ ያለ ታሪክ የላቸውም። ሰርከስ ውስጥ የተወለደ ታይገር የተገራ እንጂ ለማዳ አይደለም። ይህንን ልዩነት የሚረሱ ሰዎች ናቸው አሰልጣኝ ሲነከስ «ድንገት አበደ» የሚሉት።

ከኛ አካባቢ ተይዞ የሄደ የሰርከስ ዝሆን አለ የሚባለው እውነት ነው?

አዎ፣ ያውም በዓለም ላይ ከእሱ የታወቀ ዝሆን የለም። ጃምቦ ይባላል። በ1860ዎቹ መጀመሪያ፣ ዛሬ የሱዳንና የኢትዮጵያ ድንበር በሆነው አገር፣ በሰቲት ወንዝ አካባቢ፣ ሐምራን የሚባሉ አዳኞች እናቱን ገድለው ግልገሉን ያዙት። ሰቲት ማለት ያው ተከዜ ነው፣ ሑመራን አልፎ ወደ ሱዳን ሲወርድ። በዚያ ዘመን አውሮፓ ውስጥ የዱር እንስሳ ንግድ ደርቶ ነበርና አንድ ጣሊያናዊ ነጋዴ ገዛው፤ ግልገሉ በረሃውን አቋርጦ፣ ባሕር ተሻግሮ ፓሪስ ደረሰ። በ1865 ወደ ለንደን መካነ እንስሳት ተላለፈ።

ለንደን ውስጥ ልጆችን በጀርባው እየጫነ አደገ። ቀን ቀን ገር ነበር። ማታ ማታ ግን ቤቱን ይደበድብ፣ ጥርሱን ከግድግዳው ጋር እያጋጨ ይሰባብር ነበር። ጠባቂው ለማረጋጋት መጠጥ ይሰጠው እንደነበር ተጽፏል። በኋላ አጽሙን የመረመሩ ባለሙያዎች መንጋጋው ላይ የተበላሹ ጥርሶች አግኝተዋል፤ ቅጠልና ቅርፊት እያኘከ ጥርሱን መሞረድ የነበረበት እንስሳ ለስላሳ ምግብ ሲቀለብ እንደዚያ ይሆናል። ያ ሁሉ የሌሊት ቁጣ፣ ቢያንስ በከፊል፣ ሕመም ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

በ1882 አሜሪካዊው የሰርከስ ጌታ ባርነም በ10 ሺህ ዶላር ገዛው። እንግሊዝ ተንጫጫ፣ ልጆች ለንግሥት ቪክቶሪያ ሳይቀር ደብዳቤ ጻፉ። አልሆነም። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 1885፣ ካናዳ ኦንታርዮ ውስጥ ሴንት ቶማስ በምትባል ከተማ ከትርኢት በኋላ ወደ ፉርጎው ሲወሰድ የጭነት ባቡር ገጭቶ ገደለው። ገና ሃያዎቹ ውስጥ ነበር። ባርነም ሬሳውንም አልተወውም፤ ቆዳው ተሞልቶ፣ አጽሙ ተገጣጥሞ ከሰርከሱ ጋር ይዞር ጀመር። አጽሙ እስካሁን ኒውዮርክ፣ የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም እጅ ነው። ዛሬ ፈረንጅ ትልቅ ነገርን ሁሉ በስሙ ይጠራል፤ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

ለሰውስ አደጋ የለውም?

አለው። በነሐሴ 1994 ሃዋይ፣ ሆኖሉሉ ውስጥ ታይክ የምትባል ዝሆን በትርኢት መሃል አንድ ሠራተኛ አቆሰለች፣ አሰልጣኙን ገደለች፣ ከአዳራሹ ወጥታ መንገድ ላይ ሮጠች። ፖሊስ ከ80 በላይ ጥይት ተኮሰባት። ከመኪኖች መሃል ወድቃ ሞተች፣ ያንን ሁሉ ከትርኢቱ የወጡ ልጆች አዩት። በቅርቡ ደግሞ፣ በሚያዝያ 2024፣ ሞንታና ቡት ከተማ ውስጥ ቫዮላ የምትባል ዝሆን ሰውነቷን እየታጠበች ሳለ የመኪና ድምፅ አስደንግጧት አውራ ጎዳና ላይ ወጣች። እንደ ዕድል ሆኖ ማንም አልተጎዳም። ዝሆኖች የሳንባ ነቀርሳ ሊይዛቸው እንደሚችል፣ ለሚንከባከቧቸው ሰዎችም ማስተላለፋቸው በምርመራ መረጋገጡን ብዙ ሰው አያውቅም።

ሳይንሱ ምን ይላል? ሁሉም ባለሙያ ተስማምቷል?

ሁልጊዜ አልተስማማም። የእንግሊዝ መንግሥት ያቋቋመው ቡድን በ2007 ባወጣው ሪፖርት፣ በእንስሳት ደኅንነት ምክንያት ብቻ ለመከልከል የሚበቃ ሳይንሳዊ ማስረጃ አልተሰበሰበም ብሎ ነበር። የሰርከስ ባለቤቶች ይህችን ሪፖርት እስካሁን ይጠቅሳሉ። በ2016 ግን ለዌልስ መንግሥት የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰፋ ያለ ጥናት ሠሩ፤ ድምዳሜያቸው፣ በተጓዥ ሰርከስ ውስጥ ያሉ የዱር እንስሳት መኖር የሚያስመኝ ሕይወት የላቸውም የሚል ነው። እንግሊዝ ራሷ በ2019 ሕጉን ስታወጣ ዋናው ምክንያቷ የሥነ ምግባር ነበር፦ ለመዝናኛ ብሎ የዱር እንስሳን እንዲህ ማድረግ በዚህ ዘመን ትክክል አይደለም የሚል። እኔም ከዚህ ጋር ነኝ። ሁሉም ቁስል እስኪለካ መጠበቅ አያስፈልግም።

የትኞቹ አገሮች ከልክለዋል? አሜሪካስ?

ቦሊቪያ በ2009 ቀደመች፤ የዱርም የቤትም ሳይባል እንስሳ በሙሉ ከሰርከስ እንዲወጣ አደረገች። ግሪክ በ2012 ተከተለች። ኦስትሪያ፣ ሜክሲኮ፣ አየርላንድ፣ እስኮትላንድ፣ እንግሊዝ፣ ዌልስ የዱር እንስሳትን ከልክለዋል። ፈረንሳይ በ2021 ሕግ አውጥታለች፣ ተጓዥ ሰርከሶች ግን እስከ 2028 ጊዜ ተሰጥቷቸዋል። እስራኤልም የዱር እንስሳ በሰርከስ የማይፈቀድባት አገር ናት።

አሜሪካ ውስጥ አገር አቀፍ ክልከላ የለም። በየክፍለ ግዛቱና በየከተማው ነው። ሃዋይና ኒው ጀርሲ በ2018 መጨረሻ፣ ካሊፎርኒያ በ2019 ከልክለዋል፤ ካሊፎርኒያ ውሻ፣ ድመትና ፈረስን ትታቸዋለች። ክልከላ የሌለበት ቦታ የምትኖሩ ከሆነ ዝሆን የያዘ ሰርከስ ሕጋዊ ሆኖ ሊመጣባችሁ ይችላል።

ሪንግሊንግ ብራዘርስ የተዘጋው በክስ ተሸንፎ ነው?

አይደለም፣ እንዲያውም በፍርድ ቤት ያሸነፈው እሱ ነው። የእንስሳት መብት ድርጅቶች የመሠረቱት ክስ ወደቀ፤ ዋናው ምስክር ከከሳሾቹ ወገን ገንዘብ ሲከፈለው እንደነበር ስለታወቀ ድርጅቶቹ በኋላ ለሰርከሱ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ለመክፈል ተገደዋል። ለእንስሳት የሚቆረቆር ሰው ይህንን መደበቅ የለበትም፤ እውነት ይዘህ በገንዘብ ምስክር ማቅረብ እውነቱን ራሱ ይጎዳዋል። በሌላ በኩል ሰርከሱ በ2011 ከእንስሳት አያያዝ ሕግ ጋር በተያያዘ ለግብርና ሚኒስቴሩ 270 ሺህ ዶላር ከፍሏል፣ ጥፋቱን ባያምንም።

የዘጋው ሕዝቡ ነው። ከተሞች የመንጠቆውን ዱላ መከልከል ጀመሩ፣ ወላጆች ቀሩ። በግንቦት 2016 ዝሆኖቹን አሰናበተ፣ በግንቦት 2017 ከ146 ዓመት በኋላ ድንኳኑን አጠፈ። በ2023 ተመልሷል፣ ግን ያለ አንድ እንስሳ። ትርኢቱን ይሸጣል።

ከተከለከለ በኋላ እንስሳቱ የት ይሄዳሉ? ይገደላሉ ይባላል።

በደንብ ከታሰበበት አይገደሉም። ካልታሰበበት ግን ያልቃሉ። ዴንማርክ በ2019 አገሪቱ ውስጥ የቀሩትን አራት የሰርከስ ዝሆኖች መንግሥት በ11 ሚሊዮን ክሮነር ገዛቸው። ከመካከላቸው ራምቦሊን የምትባለው ዓሊ ከሚባል ግመል ጋር ተወዳጅታ ስለነበር ግመሉም አብሮ ተገዛ። ይህን ሳነብ ደስ ብሎኛል፣ ለምን እዋሻለሁ። ከቦሊቪያ ደግሞ አኒማል ዲፌንደርስ ኢንተርናሽናል የተባለው ድርጅት በ2011 ሃያ አምስት አንበሶች በአውሮፕላን ጭኖ ኮሎራዶ ወዳለ ሰፊ መጠለያ ወሰደ። በ2016 ከፔሩና ከኮሎምቢያ ሰርከሶች የወጡ 33 አንበሶች ደቡብ አፍሪካ ገቡ፤ ሁለቱን በዓመቱ አዳኞች ገደሏቸው።

ሜክሲኮ ግን መጥፎ ምሳሌ ናት። ሕጉ በ2015 ሥራ ላይ ሲውል በቂ መጠለያ አልተዘጋጀም ነበር። ብዙ እንስሳት ተሸጡ፣ ብዙዎቹም ሞቱ። ክልከላ ሲወጣ በጀትና ቦታ አብሮ ካልወጣ ዕዳውን የሚከፍለው ያው እንስሳው ነው።

መታወቅ ያለበት ሌላ ነገር፣ እነዚህ እንስሳት ዱር አይመለሱም። አድኖ መብላት አይችሉም፣ ሰው አይፈሩም፣ ብዙዎቹ ጥፍራቸውና ጥርሳቸው ተነቅሏል። የሚፈልጉት ሰፊ ግቢ፣ ዛፍ፣ ጥላና የሚተዋቸው ሰው ነው።

ፈረስና ውሻስ?

እዚህ ላይ እንደ ዝሆኑ አልቆርጥም። ዘመናዊው ሰርከስ ራሱ የተጀመረው በፈረስ ነው፤ በ1768 ለንደን ውስጥ ፊሊፕ አስትሌ የሚባል ወታደር የነበረ ሰው በክብ ሜዳ ላይ የፈረስ ግልቢያ ትርኢት ሲያሳይ። የሰርከስ መድረክ ዛሬም 13 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ለፈረስ ሩጫ ስለሚመች ነው። ፈረስ ለማዳ ነው፣ ከሰው ጋር መሥራት ይችላል። ጥያቄው ከትርኢት ውጭ ሜዳ ላይ ይለቀቃል ወይስ ጋጣ ውስጥ ተቆልፎበት ይውላል ነው። የሚለቀቅበት ሰርከስ አለ፣ የማይለቀቅበትም አለ።

የኢትዮጵያ ሰርከሶች እንስሳ ይጠቀማሉ?

አይጠቀሙም፣ ይህ ደግሞ ልንኮራበት የሚገባ ነገር ነው። ሰርከስ ኢትዮጵያ በ1991 አዲስ አበባ ሲጀመር የያዘው ልጆችን ነበር፦ መገለባበጥ፣ ሰውነት መተጣጠፍ፣ ኳስ መወርወር፣ እስክስታና የአገር ሙዚቃ። ከዚያ ጅማ፣ መቀሌ፣ ናዝሬት፣ ደብረ ብርሃን እያለ ተስፋፋ። ፍካት ሰርከስ በ2004 ተመሥርቶ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የታመሙ ሕፃናትን ድረስ ሄዶ ያስቃል። ወንድማማቾቹ ቢቢና ቢቹ ያቋቋሙት ሰርከስ አቢሲኒያ በ2017 ኤድንብራ ላይ ቀርቦ የፈረንጁን ታዳሚ ከመቀመጫው አስነስቷል። አንድም ሰንሰለት የለም። የሚያስደንቀውን የሚሠራው ሠልጥኖና ፈቅዶ የገባ፣ ሲደክመውም የሚያርፍ ሰው ነው።

ስለዚህ «ያለ እንስሳ ሰርከስ ምን ያምራል?» ለሚል ሰው መልሱ እኛው ቤት አለ።

የሐረር ጅቦችስ? ያም ትርኢት አይደለም?

ቱሪስት ስለሚያየው ትርኢት ይመስላል። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። የሐረር ጅብ ማንም አላሰረውም። ሲመሽ ከጫካው ይመጣል፣ ሥጋውን ከሰውየው እጅ ይበላል፣ ሲበቃው ይሄዳል። ባይፈልግ አይመጣም። በስሙ ይጠሩታል እንጂ በዱላ አያዘምቱትም። ተቺ ሊጠይቀው የሚችል ነገር አለ፣ ለምሳሌ በመብራትና በፎቶ ማጨናነቁ፤ ከሰርከስ ጋር አንድ ማድረግ ግን ስሕተት ነው።

የአንበሳ ወይም የአቦሸማኔ ግልገል ይዞ ፎቶ መነሳትስ?

አታድርጉት። በተለይ ባህረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ፣ የምትሠሩበት ቤት ወይም የሄዳችሁበት ቦታ የአቦሸማኔ ግልገል ካያችሁ፣ ከኛው ቀጣና የተሰረቀ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ግልገሎቹ ከኢትዮጵያ ምሥራቅና ከሶማሌ ምድር ተይዘው በየመን በኩል ይሻገራሉ፣ ብዙዎቹ መንገድ ላይ ይሞታሉ። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በ2016 ባወጣችው ሕግ አደገኛ እንስሳን በግል ቤት ማኖር ከልክላለች። አሜሪካም በ2022 መጨረሻ ባወጣችው ሕግ ሕዝብ የአንበሳና የታይገር ግልገል እንዳይነካ አግዳለች። ከሕገ ወጥ ያዦች እጅ የተነጠቁ አንበሶችና አቦሸማኔዎች ሆለታ አካባቢ ባለው የቦርን ፍሪ መጠለያ፣ እንሰሳ ኮቴ፣ ውስጥ ይኖራሉ።

እና ልጆቼን ሰርከስ ልውሰዳቸው ወይስ ይቅር?

ውሰዷቸው፣ ግን መርጣችሁ። ትኬት ሳትቆርጡ ደውሉና «ምን ምን እንስሳ አላችሁ?» በሉ። ፖስተሩ ላይ ያለው ሥዕል ብቻ አያስተማምንም፤ አንዳንዱ ታይገር ሥሎ ታይገር የለውም፣ አንዳንዱ ደግሞ ሳይሥል ይዞ ይመጣል። በእረፍት ሰዓት ዝሆን ላይ ማስቀመጥ ወይም ፎቶ ማስነሳት አለ ካሏችሁ እንስሳው ቀኑን ሙሉ አያርፍም ማለት ነው። እንስሳ ካለ ለምን እንደማትመጡ በትሕትና ንገሯቸው፤ ስልኩን ያነሳው ሰው ለአለቃው ያደርሰዋል። ጊዜ ካላችሁ ለከተማችሁ ምክር ቤት አባል አጭር ኢሜይል ጻፉ፤ አሜሪካ ውስጥ አብዛኛው ክልከላ የመጣው ከከተማ ምክር ቤት ነው፣ እዚያ ደግሞ አሥር ደብዳቤ ብዙ ነው።